የወለተሰንበት ሙሉ አድራሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018

ዛሬ ሹመት አገኘሁ፤ ይህን ደብተር የገዛሁትም ለዚሁ ነው። ሹመቱ ደመወዝ አይጨምርም፣ ወንበርም አይቀይርም። ትሕትና ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ወለተ፣ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ሴቲንግ እርስዎ ይጻፉልን» አለችኝ። በቃ ይኸው ነው። እኔ ግን ከሰንጋ ተራ እስከ ጌጃ ሰፈር በእግሬ ስመጣ ለብቻዬ ፈገግ ስል ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ፣ በስልሳ ዓመቴ ኬክ ተቆርሶልኝ «እንግዲህ ይረፉ» የተባልኩ ሰው ነኝ። ዕረፍቱን አምስት ወር ያህል ሞከርኩት፤ አልተስማማኝም። ትሕትና የድሮ ባልደረባዬ ልጅ ናት። ከሸሪኳ ከጋሻው ጋር ሆና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ቢሮ ከፍታለች፤ «ቃላት የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን» ስትለኝ ጫማዬን ለማድረግ እንኳ ጊዜ አልወሰደብኝም።

የሚሠሩት ነገር እንዲህ ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ኮዳቸውን የሚጽፉበት ኤዲተር አላቸው። በኮዱ መሃል አማርኛ ያስገባሉ፤ «ክፍያዎ» ለማለት «ክፋያዎ» ይላሉ፣ ሕዝቡም በስልኩ ላይ ያንኑ ያነባል። የእኛ ቢሮ ከኤዲተሩ ጋር የሚገጠም ኤክስቴንሽን ሠርቷል፤ የተሳሳተውን ቃል ከሥሩ በቀይ ያሰምርበታል። ኤክስቴንሽኑን የሚጽፈው ሙለታ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ዝምተኛ፣ የአምቦ ሰው። ትክክለኛው ቃል የቱ እንደሆነ የሚነግረው ግን የእኔ መዝገብ ነው። እስከ ዛሬ አርባ አንድ ሺህ ቃል ገብቶበታል።

ሴቲንግ የሚሉት ኤክስቴንሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያነባት አንዲት ገጽ ናት። ከመስመሮቿ አንዷ የቃላት መዝገቡ የት እንዳለ ትጠይቃለች። ይሄ ለእኔ አዲስ ጥያቄ አይደለም፤ አድራሻው ያልተሟላ ደብዳቤ ተመላሽ እንደሚሆን ማንም አይነግረኝም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ዋና ማኅደር፣ ከሲ ተነሥቼ፣ ዩዘርስ፣ ወለተሰንበት፣ ዶክመንትስ፣ ሥራ፣ ቃላት ብዬ አንዲት ሳላጎድል ጻፍኩት። በእኔ ኮምፒውተር ስሞክረው ቀዩ መስመር ልክ በቦታው ተሰመረ። ገጿን ሁላችንም ወደምንሠራበት የጋራ ፎልደር ላክኋት። ማንም ሰው መዝገቡን ፈልጎ እንዳያጣ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ውሌ የሦስት ወር ነው፤ ታኅሣሥ 20 ያልቃል። እንዲታደስልኝ በጣም እፈልጋለሁ። ለሰው አልናገርም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። አራት ፎቅ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል መሰለኝ።

ጠዋት ሦስቱም አዲሱን ሴቲንግ ከፈቱ። ጋሻው ሙለታን አየው፣ ሙለታ እኔን አየኝ፣ እኔ ትሕትናን አየኋት፣ ትሕትና መስኮቱን አየች። «ሠራላችሁ?» አልኩ።

ሦስቱም ባንድ አፍ፣ «በጣም እንጂ፣ እትዬ» አሉ።

በጣም የሠራ ነገር እንዲህ ያስተክዛል?

ከምሳ መልስ ወረቀት ላደርስ ወደ ጋሻው ጠረጴዛ ስሄድ፣ ሙለታ ከአጠገቡ ጎንበስ ብሎ ይንሾካሾካሉ። ጋሻው፣ «ታዲያ ለእሳቸው ማን ይንገራቸው?» ይላል። ሙለታ፣ «እኔን አታስገባኝ» ይላል። ሲያዩኝ ስለ ኳስ ማውራት ጀመሩ። ሙለታ ኳስ አያይም።

ለእኔ መንገር የሚያስፈራው ነገር ምንድን ነው? ከውሉ በቀር ምንም አልታይ አለኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

መዝገቡ ከእኔ ዘንድ ነው፤ ቅጂውን በየሰኞው ወደ ጋራው ፎልደር እልካለሁ። በዚህ ሰኞ የክሊኒክ ቃላት ጨምሬ ነበር። ዛሬ በጋሻው ማያ በኩል ሳልፍ «ተመላላሽ» ከሥሩ ቀይ ተሰምሮበት አየሁ። የትሕትናን አየሁ፤ እሷ ጋ አልተሰመረም። አንድ መዝገብ፣ አንድ ሴቲንግ፣ አንድ ቢሮ።

«ጋሻው፣ ይሄ ቃል ምን አጠፋ?» አልኩት።

«ነገ ይስተካከላል፣ እትዬ። እኔ አርፍጄ ነው» አለ።

ሰውየው ማርፈዱ ከቃሉ ጋር ምን አገናኘው? ቃሌን አልቀበልም ማለት ፈርቶ ነው እንጂ።

ሙለታ ደግሞ አዲስ አመል አውጥቷል። ጠዋት ጠዋት በየኮምፒውተሩ አንዳንድ ደቂቃ እየተቀመጠ ይነሣል። ጋሻው ከመጣ በኋላ ሥራ ስለሚበዛ የእሱ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የእኔን ግን ሁልጊዜ ይዘለዋል። ምን እየሠራ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ጽዳት ነው፣ እትዬ» አለኝ። የእኔ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ይሁን።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል። ዓይኔ ቀልቷል፤ ቢሮ ስገባ ትሕትና ያለቀስኩ መስሏት ሻይ አስመጣችልኝ። አላስተባበልኩም፤ ሻዩ ጥሩ ነበር።

ማታ ጎረቤቴ ፀዳለ ልብስ ስፌቷን ዘግታ እሳቷን ስትቆሰቁስ አገኘኋት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ መንሾካሾኩን፣ ቀዩን መስመር፣ ጽዳቱን። «አንቺ በስልሳ ዓመትሽ ከኮምፒውተር ጋር ተጋባሽና ቅናት ጀመረሽ» አለችኝ። «ፊት ለፊት ጠይቂያቸዋ።»

ይሉኝታ ያዘኝ፤ እንዴት ልጠይቅ? አልኳት። ልጆቹ ያከብሩኛል። አክብሮ ዝም ያለን ሰው ምን ብዬ ላፋጥጠው?


ሐሙስ፣ ኅዳር 25

መጥፎ ቀን። አጭር እጽፋለሁ።

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ኤክስቴንሽናችንን ሊገዛ ነው። ሙለታ ብቻውን ሄዶ ኮምፒውተራቸው ላይ ጫነው። ከፈተው። «የቃላት መዝገብ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሁለት ሰዓት ታገለ። አልሠራም።

ሲመለስ ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቧል። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልዘጋጅ ሄጄ ነው» አለ። ጋሻው ወለሉን ያያል። ወደ እኔ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩም።

የድርጅቱ ኃላፊ ታኅሣሥ 9 እንደገና እንድንሄድ ፈቅደዋል፤ ግን «በሚቀጥለው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ላኩ» ብለዋል። ይሄን የነገረን ሙለታ ራሱ ነው። ትሕትና ደግሞ፣ «ያም ካልሠራ ከታኅሣሥ 20 ወዲያ የማንንም ውል ማደስ አልችልም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሰማኋት።

እውነቱን ልጻፍ። ጥፋቱ የሙለታ መሆኑን ስሰማ በውስጤ ቀለል አለኝ። ስንት ጊዜ ሻይ ያመጣልኝ ሰው ነው። አፈርኩ።


እሑድ፣ ኅዳር 28

ከልደታ ተሳልሜ ተመልሼ፣ ምሳዬን ሽሮ በልቼ፣ የቢሮውን ትርፍ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። ዓርብ ዕለት ቃላት ላስገባበት ብዬ ተውሼው ነበር። እስከ ዛሬ ከራሴ ኮምፒውተር ሌላ ነክቼ አላውቅም። የጋራውን ፎልደር ከፈትኩ።

«የቃላት መዝገብ አልተገኘም።»

ሜክሲኮ የታየው ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያ ሙለታን አማሁት፤ አሁንም አላስተካከለውም ብዬ። ከዚያ መነጽሬን ጠረግሁና ከሥር በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። «የተፈለገበት ቦታ፦ ሲ፣ ዩዘርስ፣ ወለተሰንበት፣ ዶክመንትስ፣ ሥራ፣ ቃላት።»

ዩዘርስ የሚለውን ከፈትኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ስም «ቢሮ» የሚል ብቻ ነው። ወለተሰንበት የሚባል ሰው የለም።

የጻፍኳትን ገጽ ከፍቼ አድራሻውን እንደገና አነበብኩ።

ያ ሁሉ አድራሻ የእኔ ኮምፒውተር አድራሻ ነው። ሰውን ሁሉ «የእኔ ቤት፣ የእኔ ቁም ሳጥን፣ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ፈልጉ» ብዬ ነው የላክሁት። ድርጅቱ ኮምፒውተር ውስጥ የእኔ ቁም ሳጥን ምን ይሠራል? ሙለታ ምንም አላጠፋም። ሸሚዙ የረጠበው በእኔ ነው፤ «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ላኩ» የተባለው በእኔ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ፋይል አላጠፋሁም እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ ባጠፋሁ ቀን ሰው ከፈለልኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አድራሻው የእኔ ብቻ ከሆነ፣ ትሕትናና ጋሻው ጋ እንዴት ሠራ? ብቻ አሁን ያን የማስብበት አንጀት የለኝም።

ብናገር ውሉ አበቃ። አርጅታለች፣ ጎበዝ ነበረች ግን አርጅታለች፤ ይሄው ነው የሚባለው። በድብቅ አርመዋለሁ። አሥራ አንድ ቀን አለኝ። የሚነበብ ነገር ደግሞ አሸንፎኝ አያውቅም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

የኤዲተሩን መመሪያ አነበብኩ። እንግሊዝኛው የሐኪም ማዘዣ ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ ከመለስኩት በኋላ ግን ገባኝ።

ለካ ሙሉ አድራሻ መጻፍ አያስፈልግም። በአድራሻው መነሻ ላይ አንድ ቃል ይቀመጣል፤ ያን ቃል እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ቦታ ይተካዋል። አንደኛው ዩዘር ሆም ነው፤ አሁን የሚሠራው ሰው ቤት ማለት ነው፣ ማንም ይሁን ማን። ሌላው ወርክስፔስ ፎልደር ነው፤ አሁን ከፍተን የምንሠራበት ፎልደር፣ የትም ይቀመጥ የት። ተለዋዋጭ ይሏቸዋል። አጻጻፉ የዶላር ምልክት ተቀምጦ፣ ቃሉ በጥምዝ ቅንፍ ይታጠራል።

ይሄን ሳነብ ራሴን በጥፊ ልመታ ምንም አልቀረኝም። መዝገብ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ነው። ደብዳቤ ለወንበር እንጂ ለሰው አይጻፍም። «ለጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ» ብለህ ከጻፍክ፣ ኃላፊው ቢሻር፣ ቢዛወር፣ ቢሞት ደብዳቤው ይደርሳል። «ለአቶ እከሌ» ብለህ ከጻፍክ ሰውየውን ተከትሎ ይጠፋል። ስንቱን ጀማሪ በዚህ ተቆጥቻለሁ። ራሴ ግን መዝገቡን በስሜ አስመዝግቤ ቁጭ አልኩ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ላፕቶፑ ላይ ሞከርኩ። የራሴን አድራሻ አጥፍቼ የዶላር ምልክቱን ጻፍኩ፤ ጥምዝ ቅንፍ፣ ወርክስፔስ ፎልደር፣ ቅንፍ ዘጋሁ። ከፈትኩት።

«የቃላት መዝገብ አልተገኘም።» ከሥሩ ደግሞ የተፈለገበት ቦታ ብሎ ራሱን የዶላር ምልክቱን ጽፎታል። ቃሉን በቦታው ይተካዋል ስል ቃል በቃል ዶላር የሚባል ፎልደር ሲፈልግ ከረመ። እንዲህ ያለ የዋህ አይቼ አላውቅም።

ወደ መመሪያው ተመለስኩ። በኤክስቴንሽን ሴቲንግ ውስጥ ይሄን ቃል የሚፈታው ኤዲተሩ አይደለም፤ ኤክስቴንሽኑ ራሱ ነው። ካልተማረ አያውቀውም። ኤክስቴንሽናችንን ማስተማር የሚችል ደግሞ በዚህ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ።

የድሮውን መስመር መለስኩ። ሙለታ ከምሳ ሲገባ ለእኔም ሙዝ ገዝቶ መጣ። ሙዙን በላሁ፤ አልነገርኩትም።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

አልነገርኩትም።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ለፀዳለ ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ፤ እሷ ካልሳቀች ነገሩ ከባድ ነው። እጅጌ እየተረተረች ነበር።

«እኔ ቀሚስ አጥብቤ ስሰፋ» አለች፣ «ቆንጆ ነው ብላ ከፍላ የምትሄድ አለች። ከዚያ ሌላ ሰፊ ጋ ትሄዳለች፣ ዳግመኛ አላያትም። አንዷ ደግሞ ብብቱን ያዘኝ ብላ መልሳ ትወረውርልኛለች። እናደዳለሁ። ግን ደንበኛዬ እሷ ናት፤ ይሄው የምተረትረውም የእሷን ነው።»

«እኔ የቷ ነኝ?» አልኳት።

«አንቺ ቀሚሱ ጠቧት ለሰው ቆንጆ ነው የምትዪ ነሽ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሙለታ የምትዪው ሰው ልጆች አሉት?» ስትል ጠየቀችኝ። ሁለት፣ አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መተርተሯን ቀጠለች።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ውሉም ቢቀር ይቅር።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

እንደ ገባሁ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ መሃል ላይ ቆምኩ። ጋሻውም በሆነ ተአምር በጊዜ ገብቷል።

«አንድ የምናገረው አለኝ» አልኩ። «ሜክሲኮ የተበላሸው በሙለታ አይደለም። አድራሻውን በራሴ ኮምፒውተር ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያወቅሁት ከስምንት ቀን በፊት ነው፤ ስምንቱንም ቀን ዝም ብያለሁ። ሙለታ፣ ይቅር በለኝ።»

ማንም አልደነገጠም። እኔን ደግሞ አለመደንገጣቸው አስደነገጠኝ። ትሕትና መስኮቱን አየች። ጋሻው ጉሮሮውን ጠረገ። ሙለታ፣ «እትዬ፣ እኛ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን» አለ።

«ታዲያ እናንተ ጋ እንዴት ሠራ?»

ትሕትና ማያዋን ወደ እኔ አዞረችው። ሲ፣ ዩዘርስ። ከዚያ «ትሕትና»፣ ከእሱ ቀጥሎ «ወለተሰንበት»። ከፈተችው፤ ዶክመንትስ። ሥራ። ቃላት። የጋሻውን አየሁ፤ ወለተሰንበት አለች። የሙለታንም አየሁ፤ እዚያም አለች።

«የእርስዎን መስመር ደፍሮ የሚነካ ጠፋ» አለች ትሕትና። «በጋራው ፎልደር ማን የማንን መስመር እንደሰረዘ ለሁላችንም ይታያል። የመጀመሪያ ሴቲንግዎ ነው፣ ውልዎም ሊያልቅ ነው። ሙለታ፣ እሳቸውን ከማረም ለእሳቸው ፎልደር መክፈት ይቀላል አለ።»

«በየጠዋቱ መዝገቡን እየቀዳ በየቤትዎ የሚያስገባው እሱ ነው» አለ ጋሻው። «እኔ ስለማረፍድ የእኔ ያረጃል። ማን ይንገራቸው ተባብለን ዕጣ ልንጣጣል ነበር።»

«ሜክሲኮስ?»

ሙለታ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። «እዚያም ልከፍትልዎ ሞከርኩ። ኮምፒውተራቸው ያለ ኃላፊው ፈቃድ በዚያ ቦታ አዲስ ፎልደር አያስከፍትም። ኃላፊውን ምን ብዬ ላስረዳቸው?»

ለታኅሣሥ 9 ምን አስበው እንደነበር ጠየቅሁ። ትሕትና ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። የቢሮው ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም አለው። «ጉዳዩ፦ ወለተሰንበት በሚል ስም ፎልደር እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ ይመለከታል።» ሊልኩት ነበር። አነበብኩት። የወጪ ቁጥር የለውም።

ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እነሱም ፈራ ተባ እያሉ ጀመሩና ጋሻው ጠረጴዛ እስኪመታ ደረሰ። በየኮምፒውተሩ በስሜ ቤት ሠርተውልኝ፣ በየጠዋቱ ጓዜን እያስገቡልኝ፣ እኔ በውሉ ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ሳማቸው ከርሜያለሁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር ተሰማኝ፤ እሱንም ነገርኳቸው። «ከፋኝ» አልኳቸው። «የሥራ ባልደረባ ይታረማል። የማይታረም እንግዳ ነው። እኔ እንግዳ ሆኜ አልመጣሁም። በሉ አሁን አፍርሱት።»

«ምኑን?» አለ ጋሻው።

«ቤቴን ነዋ። በየኮምፒውተራችሁ ያለውን።»

ሦስቱም ፊቴ ሰረዙት። ከዚያ ከሙለታ አጠገብ ወንበር ስቤ የዶላሩን ነገር ነገርኩት። ዓይኑ በራ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ኤክስቴንሽኑ ቃሉን እንዲፈታ አስተማረው። እሱ ዩዘር ሆምን እናድርግ አለ። አይሆንም አልኩት፤ ዩዘር ሆም ካልን መዝገቡ በየሰዉ ቤት መቀዳት አለበት፣ ወደዚያው ወደ ጠዋት ጽዳት መመለሳችን ነው። መዝገቡ ሥራው ባለበት ይሁን፣ ሥራው በሄደበት ይሂድ። ትንሽ አሰበና፣ «ልክ ነዎት» አለ። ወርክስፔስ ፎልደር አደረግነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዋናውን መዝገብ ከራሴ ፎልደር አውጥቼ የጋራው ውስጥ ማስቀመጥ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ከዚያ አወጣሁት።

ስለ ውሉ ትሕትና ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሜክሲኮ ከሙለታ ጋር አብሬ እሄዳለሁ አልኩ፤ ሄድኩም። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ላኩ ስላሉ ይኸው እሱኑ ይዤ መጣሁ» አልኳቸው ኃላፊውን። «ያለፈው ስህተት የእኔ ነበር፤ ይሄ ሰው ሸፍኖልኝ ነው።» ኃላፊው እኔን አዩ፣ ሙለታን አዩ፣ ወንበር ሳቡልኝ። ለሙለታም ሳቡለት።

ላባችን ሳይደርቅ ጫነው። ከፈተው። ቀዩ መስመር ወጣ። በሁለተኛ ኮምፒውተር ጫነው፣ ሠራ። ኃላፊው አላመኑም፤ ፎልደሩን አንሥተው ሌላ ቦታ ወስደው ከፈቱት። እዚያም ሠራ። ከዚያ ራሳቸው ከጻፉት ማስታወቂያ ላይ ሰባት ስህተት አወጣባቸው። ስምንተኛውን እኔ በዓይኔ አይቼው ነበር፤ ያለቦታው የገባ እንጂ መዝገቡ ውስጥ ያለ ቃል ስለሆነ አልተሰመረበትም። ነገርኳቸው።

ስንመለስ ሙለታ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ሦስቱንም ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ። ደስ ሲለው እንደዚህ ያደርገዋል መሰለኝ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ጠዋት ትሕትና ውሉን አመጣችልኝ። የአንድ ዓመት ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን አየሁ፤ የወጪ ቁጥር አለው። ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ዛሬ ደግሞ ኅዳር አይደለም፣ በጭስ አላሳብብም።

ከሰዓት በኋላ ለአዲሶቹ ደንበኞች፣ ለሜክሲኮዎቹ፣ የሚሄደውን ሴቲንግ አስተካክዬ ወደ ጋራው ላክሁ። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሙለታ ካለበት ሳይነሣ፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እትዬ ወለተ፣ አራተኛው መስመር ስህተት ነው» አለ።

ደሜ ሲፈላ ተሰማኝ። ስህተት አይደለም ልለው አፌን ከፍቼ፣ መጀመሪያ ልየው ብዬ መነጽሬን አደረግሁ። ስህተት ነው። ፊቴ እንደ ተቆጣ አረምኩት፣ እንደገና ላክሁት። «አሁን ልክ ነው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ውሉን የፈረምኩት ጠዋት ነው፤ የተቀጠርኩት ግን ያን ጊዜ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጋሻው ስድስተኛው መስመር ላይ ሌላ አገኘብኝ፣ ትሕትና ደግሞ የቀኑን አጻጻፍ አልወደደችውም። በሦስቱም ተናደድኩ። አንዱን ብቻ ተከራክሬ ረታሁ። የቀረውን አርሜ ሳልጨርስ የመውጫ ሰዓት ስለደረሰ ነገ በጊዜ እገባለሁ።